የደመናው ድርሻና የእኔ ድርሻ

የኔቡላ፣ ማለትም በኅዋ ውስጥ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ፎቶ ለሰው ባሳየሁ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ቀለሙ እውነት ነው?» ይሉኛል። ሰማይ ፎቶ የሚያነሱ ብዙ ሰዎች ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ይሰለቻሉ። እኔ ግን እወደዋለሁ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄም የለም ብዬ አምናለሁ። ጥሩ ቴሌስኮፕ በገንዘብ ይገኛል፤ ካሜራም እንዲሁ። ከባዱ ነገር ፎቶው ላይ ከሚታየው ውስጥ የቱ ከደመናው እንደመጣ፣ የቱ ደግሞ ከእኔና ከዕቃዬ እንደተጨመረ ለይቶ ማወቅ ነው።

ነገሩን በኦሪዮን ኔቡላ ላስረዳ። ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነጣጥረው እሱ ላይ ነው። ደማቅ ነው፤ ለማግኘትም አያስቸግርም። ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ መሃል ሦስት ኮከቦች በአንድ መስመር ተደርድረው ይታያሉ። ከእነሱ አጠገብ ትንንሽ ኮከቦች የተሰለፉበት ሌላ አጭር መስመር አለ። ሰማዩ ጨለማ ከሆነ የዚህ አጭር መስመር መሃል በባዶ ዓይን እንኳ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ኔቡላው እሱ ነው። ከእኛ 1,350 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ከዳር እስከ ዳር ወደ 24 የብርሃን ዓመት ይሰፋል። ውስጡ ኮከቦች ይወለዳሉ።

ብዙ ሰው ቴሌስኮፕ ማለት ማጉያ ይመስለዋል። እዚህ ግን ማጉላት ብዙም አይረዳንም። ኦሪዮን ኔቡላ ሰማይ ላይ የሚይዘው ቦታ የሙሉ ጨረቃን ወርድ እጥፍ ያክላል። በጣም የሚያጎላ ቴሌስኮፕ ሙሉውን በአንድ ፎቶ አይዘውም። የሌንሱ ወርድ 70 ወይም 80 ሚሊሜትር የሆነ አጭር ቴሌስኮፕ ይበቃል፤ እንዲያውም ይመረጣል። ችግሩ የኔቡላው ብርሃን በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ ተበትኖ እጅግ መሳሳቱ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ብርሃን መሰብሰብ ነው።

ብርሃኑ እንዴት ይፈጠራል? መነሻው ቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። የደመናው አንዳንድ ክፍሎች በራሳቸው ስበት እየተኮማተሩ ይሄዳሉ። መሃላቸው እየጋለ መጨረሻ ላይ ኮከብ ይሆናል። ኦሪዮን ኔቡላ እምብርት ላይ ትራፔዚየም የሚባሉ አራት ደማቅ ወጣት ኮከቦች አሉ። ከአራቱ ኃይለኛው ቴታ 1 ኦሪዮኒስ ሲ ይባላል። የገጹ ሙቀት ወደ 39,000 ኬልቪን ይጠጋል። የእኛ ፀሐይ 5,800 ኬልቪን ገደማ ናት። እንዲህ የጋለ ኮከብ የሚረጨው ብርሃን በብዛት አልትራቫዮሌት ነው። ይህ ጨረር በዙሪያው ያለውን ሃይድሮጅን ሲመታ ኤሌክትሮኑን ነቅሎ ያስወጣዋል። የተነቀለው ኤሌክትሮን ቆይቶ ሌላ ፕሮቶን ይይዘዋል። ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ይረጋጋል። ከሦስተኛው የኃይል ደረጃ ወደ ሁለተኛው ሲወርድ ቀይ ብርሃን ይለቃል። የሞገድ ርዝመቱ 656.3 ናኖሜትር ነው፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ይህን ቀይ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ሃይድሮጅን በየትኛውም ቦታ ይህ ሲደርስበት የሚለቀው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ቀዩ የደመናው ድርሻ ነው።

ሌላም ቀለም አለ። እ.ኤ.አ. በ1864 እንግሊዛዊው ዊልያም ሃጊንስ ብርሃንን በየቀለሙ የሚለያይ መሣሪያ ቴሌስኮፑ ላይ ገጥሞ ድራኮ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ወዳለ አንድ ኔቡላ አዞረ። እንደ ኮከብ ብርሃን የተዘረጋ ኅብረ ቀለም አላየም። ያየው ጥቂት ብሩህ መስመሮችን ነው። ኔቡላው የብዙ ኮከቦች ክምችት ሳይሆን ጋዝ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ደማቁ አረንጓዴ መስመር ግን በምድር ላይ ከሚታወቅ ከማንኛውም ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም አለ። ሰዎች አዲስ ንጥረ ነገር ነው ብለው ኔቡሊየም አሉት። እንቆቅልሹ እስከ 1927 ቆየ። በዚያ ዓመት አይራ ቦወን መስመሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች የጎደሉት ኦክስጅን የሚለቀው መሆኑን አሳየ። ምድር ላይ በተለመደ ጋዝ ውስጥ አተሞቹ ገና ብርሃኑን ሳይለቁ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ኔቡላው ውስጥ ግን ጋዙ እጅግ ስስ ስለሆነ አተሙ ጊዜ ያገኛል። 500.7 ናኖሜትር ላይ ያለው አረንጓዴ የሚወጣው ከዚያ ነው። ይህን ታሪክ ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል። ከስድሳ ዓመት በላይ ሰዎች የማያውቁት ነገር መስሏቸው ሲፈልጉት የኖሩት፣ ሲተነፍሱት የኖሩትን ኦክስጅን ነው።

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ። ኦሪዮን ኔቡላን በቴሌስኮፕ በዓይኑ የሚያይ ሰው ግራጫ ጭጋግ ያያል። አንዳንዱ ትንሽ አረንጓዴ ይታየዋል። ቀይ ማየት ብርቅ ነው። ምክንያቱ ዓይናችን ነው። በጨለማ የሚሠሩት የዓይን ሴሎች ቀለም አይለዩም። ከሁሉ የሚያስተውሉት ደግሞ 507 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው፤ ለ656 ጭራሽ የታወሩ ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዓይን የኦክስጅኑን ብርሃን ይቀበልና የሃይድሮጅኑን ያልፈዋል። ካሜራ ሁለቱንም ይቀበላል። ታዲያ ከሁለቱ የሚያጎድለው ማን ነው?

«እሺ፣ ቀርበን ብናየውስ እንደ ፎቶው ይሆናል?» የሚለኝም አለ። አይሆንም። ስንቀርብ ኔቡላው ይሰፋል እንጂ አይደምቅም። የሚደርሰን ብርሃን ይጨምራል፤ ነገር ግን በዚያው ልክ በሰፋ ቦታ ላይ ይሰራጫል። በመርከብ መሃሉ ድረስ ብንገባ እንኳ በዙሪያችን የምናየው ሐመር ጭጋግ ነው። ፎቶ የሚያሳየው ዓይን ቢቀርብ የሚያየውን ነው ብሎ ማሰብ ከመነሻው ስህተት ነው። ፎቶ የሚያሳየው ለሰዓታት የተጠራቀመ ብርሃን ነው። ዓይን ግን ብርሃንን ለሰዓታት አያጠራቅምም።

ይህን ጉልበት መጀመሪያ ኦሪዮን ኔቡላ ላይ የሞከረው ሄንሪ ድሬፐር ነው። በትምህርቱ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1880 በ11 ኢንች ቴሌስኮፕ 51 ደቂቃ የፈጀ ፎቶ አነሳ። የመጀመሪያው የኔቡላ ፎቶ ይህ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድሩ ኤይንስሊ ኮመን ከለንደን ወጣ ብላ በነበረችው ኢሊንግ፣ በገዛ ጓሮው ባለ 36 ኢንች መስታወት በሆነ ቴሌስኮፕ ይህንኑ ኔቡላ አነሳ። ኮመን መሐንዲስ ነበር፤ ሥነ ፈለክ መተዳደሪያው አልነበረም። የእሱ ፎቶ ላይ በዚያው ቴሌስኮፕ ዓይን ሊያያቸው የማይችል ኮከቦችና የደመናው ዝርዝሮች ታዩ። እኔ ኮመንን የማከብረው ለዚህ ነው። ካሜራ ዓይን ያየውን ለመገልበጥ ብቻ እንዳልሆነ በሥራው ያሳየ ሰው ነው፤ ያሳየውም ከጓሮው ሆኖ ነው። ዛሬ አንድ አማተር በትንሽ ሌንስና በዲጂታል ሴንሰር (የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ክፍል) ከድሬፐር ፎቶ ብዙ እጥፍ የጠለቀ ምስል ያወጣል።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ገንዘብ ካለህ መጀመሪያ ማውንቱ ላይ አውጣው። ማውንት ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረው ክፍል ነው። ምድር ስለምትዞር ኦሪዮን በ2 ደቂቃ ውስጥ የሙሉ ጨረቃን ወርድ ያህል ከቦታው ይንሸራተታል። ማውንቱ አንዱ ዘንጉ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ ሆኖ ተስተካክሎ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ወደ ተቃራኒው መዞር አለበት። ይህ ማስተካከያ በጥንቃቄ ካልተሠራ ኮከቦቹ ክብ ሳይሆኑ ጭረት ይሆናሉ። ሁለተኛ ትንሽ ካሜራ አንድ ኮከብ እየተከታተለች ማውንቱን ታርመዋለች። ለፎከስ ደግሞ ፓቬል ባህቲኖቭ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈለሰፈው ጭንብል አለ። የተሰነጣጠቀ ክዳን ነው። ሌንሱ ፊት ሲደረግ ደማቅ ኮከብ ሦስት የብርሃን መስመር ያወጣል፤ መሃለኛው መስመር በሁለቱ መገናኛ ላይ ልክ ሲያርፍ ፎከሱ ተስተካክሏል ማለት ነው። ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ፎከሱ ስለሚሸሽ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። ሌንሱ ላይ ጤዛ እንዳይወርድ ማሞቂያ ማሰሪያ ይደረግበታል። ይኸው ነው።

የሚነሳው አንድ ረጅም ፎቶ አይደለም። እያንዳንዳቸው ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ደቂቃ የሚፈጁ ብዙ ፍሬሞች (ነጠላ ፎቶዎች) ይነሱና በሶፍትዌር ይደራረባሉ። በጫጫታ መሃል አንድ ሰው ያንኑ ቃል ደጋግሞ ቢናገር፣ ጫጫታው በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ቃሉ ግን አንድ ስለሆነ ውሎ አድሮ ይሰማል። መደራረብ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። የደመናው ብርሃን በየፍሬሙ እዚያው ቦታ ላይ ይገኛል። ኖይዙ፣ ማለትም ምስሉን የሚያበላሸው ዝብርቅርቅ ነጠብጣብ፣ ግን እዚህም እዚያም ስለሚዘል ሲደመር እርስ በርሱ ይጣፋል። ሂሳቡ ግን ለጋስ አይደለም። ጥራቱን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ፍሬም ያስፈልጋል። አሥር እጥፍ ለማድረግ መቶ እጥፍ። ለዚህ ነው አንድ ኔቡላ ላይ ሌሊቱን ሙሉ፣ አንዳንዴም ሳምንታት የምንቆየው።

ሰዎች «ፎቶው በኮምፒውተር ተሠርቷል» ሲሉ የሚታያቸው መጨመር ነው። የሥራው ግማሽ ግን መቀነስ ነው። ሴንሰሩ ምንም ብርሃን ሳያገኝ በራሱ ሙቀት ብቻ የሚፈጥረው ነጠብጣብ አለ። እሱን ለማወቅ ቴሌስኮፑን ከድነን በተመሳሳይ ሙቀትና በተመሳሳይ የጊዜ ርዝመት ጨለማ ፍሬሞች እናነሳለን። ከዚያ ከፎቶው ላይ እንቀንሳቸዋለን። ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ክብ ጥላ ይጥላል፤ በሌንሱ ምክንያት የፎቶው ጠርዝም ይጨልማል። ለዚህ ደግሞ ወጥ ብርሃን ያለው ነገር እናነሳና ፎቶውን በዚያ እናካፍላለን። ሳተላይት ያለፈበት ፍሬም ላይ የቀረው ጭረት ከሌሎቹ ፍሬሞች ጋር ሲተያይ ብቻውን ስለሚሆን ይወጣል። በእያንዳንዱ እርምጃ የሚወገደው የደመናው ያልሆነ ነገር ነው። ይህን ክፍል አሰልቺ ነው ብለው የሚዘሉት አሉ። ለእኔ ግን የሥራው እምነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በተለመደው ካሜራ ላይም የሚወራ ነገር አለ። ፋብሪካው ሴንሰሩ ፊት የሚያደርገው ማጣሪያ የሰው ቆዳና ቅጠል ዓይን እንደሚያየው እንዲወጣ የተሠራ ነው። ስለዚህ የ656 ናኖሜትሩን ቀይ አብዛኛውን ያግዳል። ማጣሪያው የወጣለት ካሜራ ኔቡላውን ቀይ አድርጎ ሲያሳይ አንዳንዱ «ተጋነነ» ይላል። የተጋነነ ነገር የለም። ታግዶ የነበረው ገባ።

የእኔ ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ተደራርቦ የወጣው ምስል ሲከፈት ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። ጥቂት ኮከቦችና የኔቡላው እምብርት ብቻ ይታያሉ። የቀረው ሁሉ ሂስቶግራሙ (የድምቀት መጠኖችን ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚያሳየው ግራፍ) ግራ ጠርዝ ላይ ተጨምቋል። ያን ጨለማ ክፍል ዘርግተን ካላወጣነው ፎቶ የለም። ምን ያህል ይዘርጋ የሚለውን የሚወስን ደግሞ የተፈጥሮ ሕግ የለም፤ ሰው ነው።

ኦሪዮን ኔቡላ ይህን ውሳኔ ያከብደዋል። እምብርቱ ከዳሩ በሺዎች እጥፍ ይደምቃል። የዳሩን ስስ አቧራ የሚያወጣ ፎቶ ትራፔዚየምን ነጭ ጉድጓድ ያደርገዋል። ስለዚህ ለመሃሉ የጥቂት ሰከንድ ፍሬሞች፣ ለዳሩ የደቂቃዎች ፍሬሞች ተነስተው ይዋሃዳሉ። ይህ ማታለል አይመስለኝም። አንድ ነገር ላይ ግን ግትር ነኝ፤ የድምቀቱ ቅደም ተከተል መፍረስ የለበትም። መሃሉ ከዳሩ የደመቀ መሆኑ ፎቶው ላይ መታየት አለበት። መሃሉም ዳሩም እኩል የበራባቸው፣ ሁሉ ነገር አንድ ዓይነት የጎላባቸው ፎቶዎች ብዙ አይቻለሁ። ያምራሉ። ግን ያን ሁሉ ጋዝ የሚያበሩት መሃል ያሉት አራት ኮከቦች መሆናቸው ከእነሱ ላይ አይነበብም። ታሪኩ ጠፍቷል።

በጠባብ ማጣሪያ የሚነሱ ፎቶዎች ላይ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። እነዚህ ማጣሪያዎች ከ3 እስከ 7 ናኖሜትር የሚሆን ቀጭን ብርሃን ብቻ ያሳልፋሉ። አንዱ ለሃይድሮጅን፣ አንዱ ለኦክስጅን፣ አንዱ ለድኝ ነው። የከተማ መብራትና ጨረቃ ለሚያስቸግረው ሰው ትልቅ እረፍት ናቸው። ችግሩ የድኝ ብርሃን 672 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ የሃይድሮጅን 656። ሁለቱም ቀይ ናቸው። እንዳሉ ቢቀመጡ አይለዩም። ስለዚህ ድኝን ቀይ፣ ሃይድሮጅንን አረንጓዴ፣ ኦክስጅንን ሰማያዊ ማድረግ የተለመደ ነው። ጄፍ ሄስተርና ፖል ስኮዌን እ.ኤ.አ. በ1995 ሃብል በተባለው የኅዋ ቴሌስኮፕ ያነሱት፣ የፍጥረት ዓምዶች የተባለው የንስር ኔቡላ ፎቶ ዓለምን ያስደነቀው በዚህ አቀማመጥ ነው። እዚህ ላይ ቀለሙ የደመናው አይደለም። ቅርጹ ግን የደመናው ነው። ድኙ የት እንዳለ፣ ኦክስጅኑ የት እንደሚያልቅ ልክ ነው። እኔ ይህን አሠራር እደግፋለሁ፤ ከፎቶው ሥር እስከተጻፈ ድረስ። ሳይጻፍ ሲቀር ግን ያየው ሰው ደመናውን ወርቃማ አድርጎ ያስታውሰዋል፤ ማንም አላረመውም።

ጠባቡ ማጣሪያ የሚያስቀረውም አለ። ከኦሪዮን ኔቡላ አጠገብ ኤንጂሲ 1977 የሚባል ሰማያዊ ኔቡላ ይታያል። ሰማያዊው በአብዛኛው የኮከቦች ብርሃን አቧራ ላይ ነጥሮ የመጣ ነው። ብርሃኑ ሰፊ ስለሆነ ጠባቡ ማጣሪያ ውስጥ አያልፍም ማለት ይቻላል። በሦስቱ ማጣሪያዎች ብቻ የሠራ ሰው ይህ ሰማያዊ ሊያመልጠው ይችላል።

ጨለማውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፈረስ ራስ የሚባለውን ጨለማ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1888 ያገኘችው ዊልያሚና ፍሌሚንግ ናት። ሃርቫርድ ውስጥ የፎቶ ሳህኖች (ምስል የተቀረጸባቸው መስታወቶች) ስትመረምር አየችው። ያ ጥቁር ቅርጽ ባዶ ቦታ አይደለም። ከጀርባው ያለውን ብርሃን የከለለ ጥቅጥቅ ያለ አቧራ ነው፤ ነገ ኮከብ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው። ኖይዝ የሚያጠፉ ሶፍትዌሮች እንዲህ ያለውን ቦታ ጠርገው ወጥ ጥቁር ያደርጉታል። ሰማዩ የጸዳ ይመስላል። የጠፋው ግን ከሁሉ ይበልጥ ልናየው የሚገባን ነገር ነው።

አሁን አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የፎቶ ማጥሪያ ሶፍትዌሮች መጥተዋል። ኮከቦችን ለይተው ያወጣሉ፤ የደበዘዘውን ያጠራሉ። አንዳንዶቹን እጠቀምባቸዋለሁ። የሚያስፈራኝ በሌላ ፎቶ የተማሩትን ክር የመሰለ ቅርጽ እኔ ፎቶ ላይ መሳል መቻላቸው ነው። ሮበርት ኦዴልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሃብል ፎቶዎች ላይ፣ ኦሪዮን ኔቡላ ውስጥ ባሉ ወጣት ኮከቦች ዙሪያ የጋዝና የአቧራ ዝርግ ክበቦችን ለይተዋል። ፕላኔቶች የሚሠሩት ከእንዲህ ያለው ነው። የእነዚህ ዝርግ ክበቦች ቅርጽ ከትንሽ ቴሌስኮፕ አቅም በታች ነው፤ የምድር አየርም ያናውጠዋል። እኔ ፎቶ ላይ ጥርት ብሎ ቢታይ ደስ አይለኝም። ከደመናው እንዳልመጣ አውቃለሁ።

ለዚህ የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው። ፍሬሞቹን ሁለት ቦታ እከፍላቸዋለሁ። አንዱን ተራ ቁጥር ለአንዱ፣ ቀጣዩን ለሌላው። ሁለቱን ለየብቻ ደራርቤ በአንድ ዓይነት መንገድ እሠራቸዋለሁ። ከዚያ ጎን ለጎን አደርጋቸዋለሁ። አንደኛው ላይ ብቻ የታየ ክር፣ ጉድጓድ ወይም እብጠት የደመናው አይደለም፤ ያ ነገር እስኪጠፋ ድረስ የማጥሪያ ሶፍትዌሩን ኃይል አለዝባለሁ። ፈተናው ሁሉንም አይዝም። ሴንሰሩ ራሱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚፈጥረው ጥለት ካለ ሁለቱም ላይ ይወጣል። ስለዚህ በየፍሬሙ መሃል ቴሌስኮፑን በጥቂት ፒክሰል ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

ከጓደኛ ጋር ጥሬ ፍሬም መለዋወጥም እወዳለሁ። እሱ የእኔን ይሠራል፤ እኔ የሱን። አንዳችን ሌላው የሠራውን ሳናይ ነው የምንሠራው። ውጤቱን ስናስተያይ የቀለሙ ሙቀት ይለያያል፤ የዳሩ ድምቀት ይለያያል። የእሱ ሰማይ ሁሌም ከእኔ ይጠቁራል። ጋዙ የታጠፈባቸው ቦታዎች፣ የጠቆረው ጉጥ፣ የኦክስጅኑ ጠርዝ ግን ሁለቱም ላይ አንድ ናቸው።

አሁን እየሠራሁበት ያለው ኔቡላውን ከውጭ የከበበው ስስ ቡናማ አቧራ ነው። ብርሃን ያነጥራል እንጂ በራሱ አያበራም፤ ስለዚህ ጠባብ ማጣሪያ አይረዳውም። የሚፈልገው ጨለማ ሰማይና ብዙ ሰዓት ነው። እስካሁን ያሉኝን ፍሬሞች ሁለት ቦታ ስከፍል፣ ከኤንጂሲ 1977 አለፍ ብሎ አንድ ቅስት በአንደኛው ላይ ይታያል፤ በሁለተኛው ላይ ግን አለ ለማለት ያስቸግራል። ጨረቃ በማትወጣባቸው ሌሊቶች ተጨማሪ እሰበስባለሁ። እስከዚያ ድረስ በማሳየው ፎቶ ላይ ያንን ቦታ እንደደበዘዘ ትቼዋለሁ።